ቤትን የሚመርጥ ዓይን፤ በቤት የሚኖር ሰው

በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ገልጦ ያያል፤ ኮቴዋን አንሥቶ ይመረምራል፤ በዳገትና በቁልቁለት ተቀምጦ አካሄዷን ይፈትናል፤ ስለ ጠባይዋም ከሻጩ ሌላ የሚያውቃት ሰው ፈልጎ ይጠይቃል። ቤት የሚገዛ ሰው ግን፥ ምንም እንኳ ዋጋው የብዙ ዓመት ድካሙን የሚውጥ ቢሆን፥ ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚያየው በአንድ ቀን፥ ያውም በግማሽ ሰዓት ነው። የሚያየውም በቀን ብርሃን ነው እንጂ በሌሊት አይደለም፤ በበጋ ነው እንጂ በክረምት አይደለም፤ ባዶውን ነው እንጂ ሰው ሲኖርበት አይደለም። በዚያችም ግማሽ ሰዓት ደላላው በአጠገቡ ቆሞ ይናገራልና፥ ዓይኑ ግድግዳውን ሲያይ ጆሮው ወሬውን ሲሰማ ጊዜው ያልፋል።

ከዚህ የተነሣ አንድ ጥያቄ ይወለዳል። የመረጠውን ቤት ያገኘ ሰው ከገባ በኋላ ዓመት ሳይሞላው ስለ ምን ያዝናል? ያልመረጠውን ቤት ዕጣ ያደረሰው ሰውስ ስለ ምን ውሎ አድሮ ይረካል? ጉድለቱ የቤቱ ነውን፥ ወይስ የመራጩ? ይህ ነገር የገበያ ጥያቄ ብቻ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ሰው መልካም ኑሮ ብሎ የሚጠራው ምን እንደ ሆነ የሚገልጥ ነውና፥ በእውነቱ የምግባር ጥያቄ ነው።

አስቀድሞ ቃሉን መመርመር ይገባል። ቤት የሚለው ቃል አንድ ሲሆን ትርጓሜው ብዙ ነው። ቤተ ሰብ ሲባል ሰዎቹን እንጂ ግድግዳውን አያመለክትም። ቤተ ክርስቲያን ሲባል ሕንፃውም ምእመናኑም ይጠሩበታል። የዋሸራ ቤት፥ የጎንጅ ቤት፥ የዋድላ ቤት ሲባል ደግሞ የቅኔው መንገድ ነው እንጂ ተማሪው የሚያድርባት የሣር ጎጆ አይደለችም። በቅኔም ስንኙ ራሱ ቤት ይባላል፤ ጉባኤ ቃና 2 ቤት፥ መወድስ 8 ቤት አለው። ዳሩ ግን 8 ቤት ስላለው ብቻ መወድሱ ከጉባኤ ቃናው በለጠ የሚል መምህር የለም፤ ምሥጢር የሌለው መወድስ ብዙ ክፍል ያለው ባዶ ቤት ነው።

ዳግመኛም ማኅደር የሚል ቃል አለ፤ ማደሪያ ማለት ነው። ከቆዳ የሚሰፋው የመጽሐፍ ከረጢትም በዚሁ ስም ይጠራል። ማኅደር የሚሰፋ ባለሙያ አስቀድሞ መጽሐፉን ይለካል፤ ቁመቱን፥ ወርዱንና ውፍረቱን አውቆ በዚያው ልክ ቆዳውን ይቆርጣል። ቢጠብበት መጽሐፉ ይቀደዳል፤ ቢሰፋበት በመንገድ እየተንገላታ ይላላጣል። መጽሐፉን ሳያይ ማኅደሩን ሰፍቶ፥ በኋላ ለማኅደሩ የሚስማማ መጽሐፍ ፈልጉልኝ የሚል ባለሙያ ቢኖር ሰው ሁሉ ይስቅበት ነበር። ቤት ገዢ ግን ይህንኑ ሲያደርግ የሚስቅበት የለም።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የቀደመ ምሳሌ በኦሪት ዘፍጥረት ይገኛል። የአብርሃምና የሎጥ ከብት በበዛ ጊዜ ምድሪቱ አልበቃቸው አለች፤ እረኞቻቸውም ተጣሉ። ሽማግሌው አብርሃም የመምረጡን መብት ለወንድሙ ልጅ ተወለት። ሎጥም ዓይኑን አንሥቶ የዮርዳኖስን አውራጃ ተመለከተ፤ ውኃ የጠገበ ለምለም መሆኑን አየ፤ መረጠም። ያየው ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ሜዳው በእውነት ለምለም ነበረ። ነገር ግን ሣሩንና ውኃውን ሲያይ በዚያ የሚኖሩት ሰዎች እንዴት ያሉ እንደ ሆኑ አልጠየቀም። ድንኳኑን ወደ ሰዶም አቅርቦ ተከለ፤ ቆይቶም በከተማይቱ ውስጥ ባለ ቤት ሆነ። ነገሥታት ተዋግተው ሎጥን ከነገንዘቡ በማረኩት ጊዜ ግን 318 ሰዎች አስከትሎ በሌሊት ደርሶ ያስጣለው፥ ትቶት የሄደው አጎቱ አብርሃም ነበረ። እንግዲህ ሎጥ የሳተው በማየቱ አይደለም፤ በዓይን የማይታየውን ባለመጠየቁ ነው።

የዛሬውን ገዢ ለመረዳት የአዲስ አበባን ሰው መመልከት ይበቃል። እርሱ ስለ ቤት ያለው አሳብ ካለፈበት ታሪክ ተለይቶ አይታይም። በ1967 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተ ሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው በቀበሌ ቤት በጥቂት ኪራይ ኖረ። ቤቱ ጠባብ፥ ጣሪያው የሚያፈስ፥ መጸዳጃው የጋራ ቢሆንም፥ ጎረቤቱ ግን የ20ና የ30 ዓመት ጎረቤት ሆነ። በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት፥ ሕዝቡ ኮንዶሚኒየም የሚለውን የጋራ መኖሪያ ቤት ያሠራ ጀመር። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ከ4 መቶ ሺህ በላይ፥ በ2005 ዓ.ም. በተደረገውም ነባሩን ጨምሮ ከ9 መቶ ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስመዘገበ። ተመዝጋቢው የመኝታውን ቁጥር መረጠ እንጂ ሰፈሩንና ፎቁን አልመረጠም፤ እርሱን የወሰነው ዕጣ ነው። ልደታ የወጣለት ከከተማው መካከል ገባ፤ ቦሌ አራብሳ ወይም ኮዬ ፈጬ የወጣለት ወደ ከተማው ዳርቻ ወጣ።

ገንዘብ ያለው ደግሞ ከቤት ሠሪ ኩባንያ ይገዛል፤ ብዙ ጊዜም ቤቱ ሳይሠራ ፕላኑንና ሥዕሉን ብቻ አይቶ ይዋዋላል። በሥዕሉ ላይ ዛፉ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፤ በመንገዱ ላይ ጭቃ የለም፤ ውኃም መብራትም ጠፍቶ አያውቅም። ገዢው ስንት ካሬ ነው፥ ስንት መኝታ አለው፥ ንጣፉ ምንድር ነው፥ ካርታው ንጹሕ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህን መጠየቁ መልካም ነው፤ ካርታውን ሳያጣራ የገዛ ሰው በፍርድ ቤት ደጅ ያረጃልና። ነገር ግን ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፥ ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው በምን ሰዓት እንደሚነሣ፥ አሮጊት እናት ደረጃውን እንዴት እንደምትወጣ፥ የፋሲካው በግ የት እንደሚታረድ፥ በርበሬው የት እንደሚሰጣ፥ ከቤቱም ሰው ቢሞት የለቅሶው ድንኳን የት እንደሚተከል የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዓይን የሚጠይቀውን ጠይቆ፥ እግርና ልብ የሚጠይቁትን ሳይጠይቅ ይፈርማል።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ቤተ ሰብ ለምሳሌ ይነሣ። በከተማው መካከል ሁለት ክፍል ተከራይቶ ከሚስቱ፥ ከሁለት ልጆቹና ከአሮጊት እናቱ ጋራ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ዓመት ቆጥቦ ቤት ለመግዛት ተነሣ። ደላላው በአንድ ዋጋ ሁለት ቤት አሳየው። አንደኛው በዚያው ሰፈር በምድር ቤት ያለ፥ ሁለት መኝታ ብቻ ያለው፥ ቀለሙ የለቀቀ ያረጀ ቤት ነው። ሁለተኛው በከተማው ዳርቻ፥ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ በአራተኛው ፎቅ ላይ የሚገኝ፥ ሦስት መኝታ ያለው ብሩህ ቤት ነው። ሚስቱ ስለ መንገዱ ርቀት ብታነሣ እርሱ፥ «እንግዳ ሲመጣ የት እናሳድራለን?» ብሎ መለሰ። እናቱን የጠየቃት የለም፤ እርስዋም የልጅዋን ደስታ አይታ ዝም አለች።

በቤቱ ምርቃት ዕለት እንግዶቹ ሁሉ አደነቁ፤ መስኮቱን ከፍተው ተራራውን አዩ፤ ታክሲ እንዳያመልጣቸው ግን ሳይመሽ ሄዱ። ከዚያ በኋላ በዓመቱ ውስጥ በሦስተኛው መኝታ ያደረ እንግዳ አንድ ብቻ ነበረ። ክፍሉም ቀስ በቀስ የአሮጌ ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። ባለ ቤቱ ግን ለዚያ ክፍል ሲል ጠዋት ከጨለማ ተነሥቶ ይሰለፋል፤ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይገባል። እናቱ ጉልበትዋን ያማታልና ከደረጃው አትወርድም፤ 30 ዓመት የከፈለችበት እድርዋ፥ የጽዋ ማኅበርዋና ያደገችበት ደብር በሩቅ ቀሩ። ለእንግዳ የተገዛው ቤት ባለ ቤቶቹን እንግዳ አደረጋቸው።

ይህ ሰው ሞኝ አልነበረም። እንዲህ ያለው ስሕተት የሰው ሁሉ መሆኑን የዚህ ዘመን የጠባይ ተመራማሪዎች በፈተና አሳይተዋል። በአሜሪካ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዓመት የጨረሱ ተማሪዎች ቀጥለው የሚኖሩበት ቤት ከ12 ቤቶች መካከል በዕጣ ይወሰንላቸው ነበር። ተመራማሪዎች ዕጣው ሳይወጣ በየቤቱ ቢደርሳቸው ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው ጠየቋቸው፤ ቆይተውም በገቡበት ቤት ሲኖሩ ደግመው ጠየቋቸው። ነገሩ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2003 ታትሞ እንደ ወጣ፥ የተወደደው ቤት የደረሳቸው እንደ ገመቱት አልተደሰቱም፤ የተጠላው የደረሳቸውም እንደ ፈሩት አላዘኑም፤ የሁለቱም ደስታ ተቀራራቢ ሆነ። አስቀድመው ሲገምቱ ቤቶቹ በሚለያዩበት በሕንፃውና በቦታው ላይ አሳባቸውን ጣሉ፤ በሁሉም ቤት ሊያገኙት የሚችሉትን የባልንጀራ ነገር ግን እንደሚገባ አልቈጠሩትም።

ምክንያቱም ይህ ነው። ዓይን ቶሎ ይለምዳል። የሰፋው ሳሎን በመጀመሪያው ወር ደስ ያሰኛል፤ በስድስተኛው ወር ሳሎን ብቻ ይሆናል። የማይለመድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም በየቀኑ አዲስ ሆኖ የሚመጣ ድካም ነው። የዛሬው ሰልፍ ከትናንቱ ሰልፍ አይገናኝም፤ ዛሬ ዝናብ ነው፥ ነገ መኪናው ይበላሻል፥ ከነገ ወዲያ መንገዱ ይዘጋል። ሁለት የስዊስ አገር የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ከጀርመን ሕዝብ በብዙ ዓመት የተሰበሰበውን መልስ መርምረው፥ ወደ ሥራው ረጅም መንገድ የሚመላለስ ሰው በኑሮው የሚረካው እንደሚያንስ፥ የቤቱ መልካምነትና የደመወዙ ብዛትም ያን ጉድለት ፈጽሞ እንደማይሞላው በ2008 በዚያው አቆጣጠር አሳትመዋል። እንግዲህ ገዢ የሚለመደውን ደስታ በማይለመደው ድካም ይገዛል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን የሚቃወም ሰው ይነሣል፤ መቃወሙም ይገባል። «ይህ ሁሉ መምረጥ ለሚችል ሰው ነው። ጣሪያው በራሱ ላይ የሚያፈስበት፥ አከራዩ በየዓመቱ ኪራይ የሚጨምርበት ድኃ ምን መምረጥ አለው? ዕጣ ከወጣለት ወዴትም ቢሆን ይሄዳል። ባለህ ርካ ብሎ መስበክ ለጠገበ ሰው ቀላል ነው» ይላል። ይህ ቃል እውነት ነው። የሐርቫርድ ተማሪዎች ቤት ሁሉ ጣሪያው የማያፈስ፥ ውኃው የማይቋረጥ ነውና፥ ከእነርሱ የተገኘው ትምህርት ለሁሉ ቤት አይበቃም። ብርድን፥ ጎርፍን፥ በሽታንና የአከራይን ማስለቀቂያ ማንም አይለምድም፤ ልመዱ ብሎ ማስተማርም ምክር ሳይሆን ጭካኔ ነው። እንዲሁም ገንዘብ ተቀብሎ ቤቱን በቀኑ ያላስረከበ፥ ወይም ግድግዳው የሚሰነጠቅ ቤት የሸጠ ሰው፥ የገዢውን አለመርካት የልብ ጉድለት አድርጎ ሊናገር አይገባውም። በአሸዋ ላይ የሠራ ሰው ታሪክ በወንጌል የተነገረው ለነፍስ ምሳሌ ሆኖ ነው፤ ዳሩ ግን ምሳሌው ቁም ነገር የሆነው መሠረት የሌለው ቤት በእውነት ስለሚወድቅ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ሰው ያለ እርሱ ሊኖር የማይችለው ነው፤ የማያፈስ ጣሪያ፥ ንጹሕ ውኃ፥ የጸና ካርታ፥ ልጅ የሚያጠናበት ጥግ። ይህን መፈለግ ስስት አይደለም፤ የጎደለውም ሰው ማዘኑ ይገባዋል። ሁለተኛው ሰው በሌላ ሰው ዓይን ለመታየት የሚፈልገው ነው፤ ማንም የማያድርበት የእንግዳ ክፍል፥ ከጎረቤት የሚበልጥ በር፥ ዘመድ መጥቶ የሚያደንቀው ፎቅ። ይህ ሁለተኛው በአንደኛው ስም ተሸፍኖ ይመጣል፤ ፍላጎትም ሆኖ ይናገራል። ሰምና ወርቅን መለየት የለመደ ሰው የገዛ ቃሉን መመርመር አለበት። ያ የመንግሥት ሠራተኛ፥ «እንግዳ የት እናሳድራለን?» ባለ ጊዜ ሰሙ እንግዳ መቀበል ነበረ፤ ወርቁ ግን ኪራይ ቤት ሳለ ያፈረበትን ዓመታት ሁሉ በአንድ ቀን ለመሻር መፈለግ ነበረ። ይህ ምኞት የሚያሳዝን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ዋጋውን የከፈለችው ያልተጠየቀችው እናቱ ናት፤ የምግባሩ ጥያቄ ያለው በዚህ ላይ ነው። ቤት የሚመርጠው አንድ ሰው ሲሆን የሚኖሩበት ብዙ ናቸውና፥ ከሁሉ ደካማ የሆነውን ሳይጠይቅ የመረጠ ሰው በሌላ ሰው ጉልበት ደረጃ እንደ ወጣ ይቈጠራል።

የዚያ ቤተ ሰብ ነገር ግን በዚህ አላለቀም። አንድ ሌሊት ከታች ከሁለተኛው ፎቅ የልቅሶ ድምፅ ተሰማ። አሮጊቲቱ በአልጋዋ ላይ ተቀምጣ ልጅዋን ጠራችው። «ልጄ፥ ማን ነው የሞተው?» አለችው። እርሱም፥ «አላውቅም፥ እማዬ» አላት። እርስዋም፥ «ከሰው ጣሪያ ላይ ተኝተን፥ የሞተውን ሰው ስም አለማወቃችን እንዴት ያለ ኑሮ ነው?» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። በዚያም ሌሊት ጉልበትዋ እያመማት በልጅዋ ትከሻ ተደግፋ ሁለት ፎቅ ወረደች። ሠራተኛው ከገባ ጀምሮ ያላንኳኳውን በር ያን ጊዜ አንኳኳ። በማግሥቱም ከሥራው ቀርቶ በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ሜዳ ድንኳን ከሚተክሉት ጋራ ምሰሶ ያዘ፤ ወንበር ተሸከመ። አስከሬኑም በጠባቡ ደረጃ በሚወርድበት ጊዜ ከታችኛው ወገን ከያዙት አንዱ እርሱ ነበረ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱ አንድ ክንድ አልሰፋም፤ መንገዱም አላጠረም። ነገር ግን በእድሩ ተጻፉ፤ ስማቸውም በደረጃው ላይ ይጠራ ጀመር። የሕንፃው ጎረምሶች በእሑድ ጠዋት አሮጊቲቱን በወንበር አስቀምጠው ያወርዷት ጀመር፤ አዲስ በተተከለው ደብርም ቅዳሴ ታስቀድሳለች። ሠራተኛው ዛሬም በሰልፉ ላይ ሲቆም የምድር ቤቱን ያረጀ ቤት ያስታውሳል፤ መጸጸቱም እውነተኛ ነው። ሆኖም ቤት ከሻጩ የሚገዛው ግማሹ ብቻ እንደ ሆነ ተማረ። የቀረው ግማሽ ከገቡ በኋላ በእግርና በእጅ የሚሠራ ነው። ጎረቤት ማለት የቤት ጎር ማለት ነው፤ ጎርም በግዕዝ በአጠገብ የሚኖር ነው። ሻጭ ግድግዳውን ያስረክባል፤ ጎርን ግን ራስ ካልፈለጉት ማንም አያስረክብም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ባለ ቤቶቹ ማኅበር እንዲያቆሙ፥ የጋራ የሆነውንም በጋራ እንዲጠብቁ ደነገገ። በጋራ መኖሪያ ሰፈሮችም እንጀራ የሚጋገርበት፥ ልብስ የሚታጠብበት፥ በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት አብሮ ተሠራ። አዋጅም ሕንፃም ሰዎችን ሊያቀራርብ ይችላል፤ እርስ በርስ አንኳኩቶ መግባት ግን የሰዎቹ ፈንታ ነው።

ስለዚህ ቤት የሚፈልግ ሰው ደላላውን ከመጥራቱ በፊት መጽሐፉን ይለካ። በቤቱ የሚኖሩት ስንት ናቸው? ከመካከላቸው እግሩ የደከመው ማን ነው? በሳምንት ውስጥ በየቀኑ የሚሄዱበት ወዴት ነው? ሲታመሙ ማን ይደርስላቸዋል? እነርሱስ ለማን ይደርሳሉ? ይህን ከለካ በኋላ ቤቱን ሄዶ ይይ፤ በዝናብ ቀን ይይ፤ በማለዳ የሥራ ሰዓት ከደጁ ቆሞ ይይ፤ በምሽትም ተመልሶ ከሚኖሩት አንዱን ይጠይቅ። በቅሎ ለመግዛት የሚደረገው ጥንቃቄ ለቤት አይበዛም። ምርጫ የሌለውና ዕጣ የወሰደው ደግሞ፥ የጎደለውን ከሚገባው ሰው እየጠየቀ፥ በእጁ ያለውን ግማሽ ይሥራ።

አብርሃም በተስፋይቱ ምድር ዕድሜውን ሁሉ በድንኳን ኖረ። በገንዘቡ ገዝቶ ርስት ያደረገው ሣራ በሞተች ጊዜ ያገኘው መቃብር ነው፤ በኬብሮን ፊት ያለውን ዋሻ ከነእርሻው ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር ገዛ። በነጻ ውሰድ ቢባል እምቢ አለ፤ በአገሩ ሰዎች ፊት መዝኖ ከፈለ። በድንኳኑ ግን የሚያልፈውን እንግዳ እየሮጠ ይቀበል ነበርና፥ ቤት የለውም ብሎ የተረከው የለም። ሎጥ ግን ባለ ቤት ሆኖ ሳለ፥ እንግዶቹን ከከተማው ሰዎች የሚያድንበት በር አጣ።

ለገዢም ለሻጭም እግዚአብሔር ማስተዋልን ይስጥ፤ ቤት ለሌለውም ቤትን ይስጥ።